«ቦቢ ዓይኑ ጠፋ፤ ባለቤቴ ደግሞ ይወገድ ይላል»

ጥያቄ፦ የምንኖረው ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ነው። ቦቢ የሚባል ውሻ አለን። ባለቤቴ ነው ከልጅነቱ አምጥቶ ያሳደገው። በጥቅምት 2014 ከተማዋ ስትያዝ እኛ ሸሸን፣ ቦቢ ግቢ ቀረ። ስንመለስ ከስቶ በር ላይ አገኘነው። ከዓመት ወዲህ ማታ ማታ መደናቀፍ ጀመረ። ቀንም እንደማያይ ያወቅነው ለክረምት ማገዶ ግቢ ውስጥ ስንከምር ሄዶ ሲጋጭበት ነው። የእንስሳት ሐኪም ዓይኑ አይመለስም አለን። ባለቤቴ ኮምቦልቻ ስለሚሠራ አምሽቶ ይገባል። ባለፈው ሳምንት ቦቢ ተኝቶ ሳለ ባለቤቴ በላዩ ሊያልፍ ሲል ደንግጦ እጁን ነከሰው። ከዚያ ወዲህ «ወይ ይወገድ፣ ወይ ገጠር ለአጎቴ ይሰጥ» ይላል። የ8 ዓመቱ ልጃችን ይህን ሰምቶ ሌሊት ይባንናል። እኔም ቦቢን ባየሁት ቁጥር ዕንባዬ ይመጣል። ቡና ላይ ባነሳው ጎረቤቶቼ «ሰው ባለቀበት አገር ለውሻ ታለቅሻለሽ?» አሉኝ። አፈርኩ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉም በፊት ባለቤትሽ ጤና ጣቢያ ካልሄደ ዛሬውኑ ይሂድ። ቦቢ የተከተበ ቢሆንም ይሂድ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል፤ በጊዜ የተጀመረ ክትባት ግን ያድናል። ቦቢንም ባለቤትሽን ከነከሰበት ቀን ጀምሮ 10 ቀን በደንብ ተከታተሉት። ባሕርዩ ከተለወጠ ለሐኪሙ ንገሩ።

አሁን ወደ እፍረትሽ ልምጣ። ጎረቤቶችሽ ክፉ ሰዎች አይመስሉኝም። በዚያ ጊዜ ሰው ያጡ ይሆናሉ፣ ለእነሱ ንግግሩ ከቁስል የወጣ ነው። ግን አንቺ ለቦቢ ስላዘንሽ ለሰው ያዘንሽው አይቀንስም። ኬኔት ዶካ የሚባል አሜሪካዊ ምሁር ማኅበረሰብ ቦታ ስለማይሰጠው ሐዘን ብዙ አጥንቷል። የአንቺም እንደዚያ ያለ ነው። ድንኳን አይጣልለትም፣ ዕድር አይጠራለትም፣ «እግዜር ያጥናሽ» የሚልሽ የለም። ሰው ሐዘኑን ሲያፍርበት ብቻውን ይይዘዋል፣ ብቻ የተያዘ ሐዘን ደግሞ ይከብዳል። ስለዚህ ቡና ላይ ሳይሆን የሚገባት አንዲት ጓደኛ ፈልገሽ አውሪ። ምናልባትም ስታወሪ የ2014ቱ ነገር አብሮ ይወጣል። ያኔ ቤታችሁን ጥላችሁ ስትወጡ ለማልቀስ ጊዜ አልነበራችሁም።

ቦቢ ግን አንቺ እንዳዘንሽለት እያዘነ አይደለም። ውሻ ዓለሙን የሚያውቀው በአፍንጫውና በጆሮው ነው። ዓይኑ ቀስ እያለ ሲደክም ደግሞ በዚያው ልክ ይለምደዋል። የራስሽ ደብዳቤ ይመሰክራል። ማገዶው እስኪከመር ድረስ ቀን እንደማያይ አላወቃችሁም። ለምን? መብራት ሲጠፋ አንቺ ጓዳሽ ውስጥ ክብሪት እንደምታገኚው፣ እሱም ግቢውን በቃሉ ይዞታል። የአጎት ቤት ሐሳብን አጥብቄ የምቃወመው ለዚህ ነው። እዚህ ዓይኑን ብቻ ነው ያጣው፤ የማያውቀው ግቢ ሲገባ የያዘውን ሁሉ ያጣል።

ስለዚህ ማገዶው ከመንገዱ ይነሳ። ውሃውና ምግቡ ቦታቸው አይቀየር። ደሴ ላይ ግቢ ማለት ዳገትና ቁልቁለት ስለሆነ የካቡን ጫፍና ደረጃውን በጣውላም በምንም እጠሩለት። ሲመሽ ጅብ ስላለ ውጭ እንዳያድር። ተሸክመሽው የምትዞሪ ከሆነ ግን ተዪ፣ በእግሩ ይሂድ። ዓይኑ ከቀላ፣ ካበጠ፣ በእግሩ የሚያሸው ከሆነ ወይም መብላት ከተወ ወደ ሐኪሙ መልሱት። ግላኮማ የሚባለው የዓይን ግፊት በጣም ያማል። ደሴ ውስጥ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ስላለ እዚያም መጠየቅ ትችላላችሁ። ወደፊት የማይቻል ስቃይ ከመጣ ከሐኪም ጋር መክራችሁ የምትወስኑት ሌላ ጉዳይ ነው። አለማየት ብቻውን ግን ለመግደል ምክንያት አይሆንም። መርዝ የሚባለውን ነገር ደግሞ ማንም በቤታችሁ አያንሳው።

ደብዳቤሽን ደግሜ አነበብኩት። ስለ ቦቢ ዓይን ብዙ ጽፈሻል። የባለቤትሽ እጅ እንዴት እንደሆነ ግን አንድም ቃል የለም። ይህን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም። ግን እሱም አስተውሎት ይሆናል። ቀን ሙሉ ሠርቶ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ በጨለማ ወጥቶ ቤቱ ሲደርስ ራሱ ያሳደገው ውሻ ነከሰው። ያ ሰው ሕመሙም አለ፣ መከፋቱም አለ። ደግሞ «ነገ ልጄን ቢነክስስ?» የሚል ፍርሃት አለው። ፍርሃቱ ትክክል ነው። «ይወገድ» ያለው ጨክኖ ነው ብለሽ አትደምድሚ። ብዙ ወንድ ፍርሃቱን የሚናገረው በትእዛዝ ነው።

እንግዲህ ደክሞ በገባበት ሌሊት አትጀምሪው። እሑድ ቀን ልጁ በሌለበት አነጋግሪው። መጀመሪያ እጁን ጠይቂው። «የነከሰህ ዕለት ስለ ቦቢ አሰብኩ እንጂ አንተን አልጠየቅኩህም፣ ይቅርታ» በይው። ከዚያ ዝም ብለሽ ስሚው። ቶሎ ስለ ውሻው አትከራከሪ። ሲረጋጋ ቦቢ የነከሰው ማን እንደመጣበት ስላላወቀ እንደሆነ ንገሪው። ለዚህ የሚበጀው ድምፅን ማስቀደም ነው። በር ላይ ሲደርስ ስሙን ይጥራው፣ ቦቢ ራሱ ወደ ድምፁ ይምጣ። ተኝቶ ወይም እየበላ ሳለ ማንም አይንካው፣ በላዩም አይለፍ። ልጁ ይህን ሕግ እስኪለምድ ድረስ ከቦቢ ጋር ብቻውን አይሁን። ባለቤትሽ ልጁ እንደማይነከስ ካመነ አቋሙን የሚያለዝብ ይመስለኛል።

የሚያሳስበኝ ልጁ ነው። የ8 ዓመት ልጅ «ዓይኑ ስለጠፋ ይወገድ» ሲባል የሚሰማው ስለ ውሻው ብቻ አይደለም። «በዚህ ቤት የታመመ ይጣላል ማለት ነው? እኔ ብታመምስ?» ብሎ ያስባል፣ አፍ አውጥቶ ግን አይጠይቅም። ስለዚህ መልሱን ከአባቱ አፍ ይስማ። አባቱ ያን የተናገረው ተናድዶና ፈርቶ እንደነበር ይንገረው። ስለ ቦቢ የሚወሰን ነገር ቢኖር ከእሱ ተደብቆ እንደማይደረግ ቃል ይግባለት። «ቦቢ አይሞትም» አትበሉት፣ ቦቢ አርጅቷል። «ዓይኑ አይመለስም፣ እኛ ግን እንጠብቀዋለን» በሉት። ሥራም ስጡት፦ በየጠዋቱ ከእናንተ ከአንዳችሁ ጋር ሆኖ ውሃውን ይቀይርለት፣ ሲጠጋም ድምፁን እያሰማ ይሂድ። መባነኑ አንድ ወር ካለፈው ወይም ትምህርት ቤት አልሄድም ማለት ከጀመረ፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያለበት ሆስፒታል ውሰዱት። ከተቻለ ሁለታችሁም አብራችሁት ሂዱ።