ዴይሊሊዬ ነጠብጣብ ያዛት፤ ምን ልርጭ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። አጥሬ ጥግ ዴይሊሊ ተክያለሁ፤ አበባዋ አንድ ቀን ውላ የምትጠወልገውን። ከጥር ወዲህ ቅጠሏ እየገረጣ ነጠብጣብ ያዘ። ጎረቤቴ ዋግ ነው አለችኝ። በልግ ሳይገባ ምን ልርጭ?

መልስ፦ እህቴ፣ መርጫውን ለጊዜው ያስቀምጡት። በነጭ ሶፍት የቅጠሉን ጀርባ ይጥረጉ። ብርቱካናማ ዱቄት ከያዘ ዋግ ነው፤ የስንዴ ዋግ ያየ ሰው አይስተውም። ዱቄት ከሌለ ቅጠሉን ነጭ ወረቀት ላይ ያራግፉት። እንደ በርበሬ ብናኝ ያሉ ነጥቦች ሲሄዱ ካዩ ቀይ ሸረሪት የሚሏት፣ የቅጠሉን ጭማቂ የምትመጥ ጥቃቅን ተባይ ናት። በድሬ ሙቀትና ደረቅ አየር እኔ የምጠረጥረው እሷን ነው።

ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት እዚህ ሐረር የእኔም እንዲሁ ሆነች። አንድ ሻጭ «ሁሉን ይገድላል» ያለኝን ገዝቼ ረጨሁ። የሞቱት ግን ቀይ ሸረሪቷን የሚበሉት ጥንዚዛዎች ነበሩ። በሁለት ሳምንት ቅጠሉ ሁሉ ድር ለበሰ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ሸረሪት ከሆነች በውሃ ይጀምሩ። ለሁለት ሳምንት፣ በየሦስት ቀኑ፣ የቅጠሉን ጀርባ በጎማ ጠበቅ አድርገው ይጠቡት። ጠዋት ይሁን። ቅጠል ርሶ ካደረ ለዋግ ይመቻል። ካልለቀቀች የኒም ዛፍ አለልዎት፤ የድሬ ሰው ኒም አይቸግረውም። 50 ግራም የተወቀጠ የኒም ዘር በ1 ሊትር ውሃ ዘፍዝፈው ያሳድሩ፣ በጨርቅ ያጥልሉ፣ ፀሐይ ሳይበረታ ይርጩ።

ዋግ ከሆነ የታመመውን ቅጠል ቆርጠው ያቃጥሉ። ኮምፖስት ውስጥ እንዳይጨምሩት። ተክሏን አይገድላትም፤ አዲስ ቅጠል ታወጣለች።

ሁለቱም ሆነ አልሆነ፣ የካቲት ሳያልቅ የደረቀውን ቅጠል ከሥሯ ይልቀሙ። ዝናቡ ሲመጣ ቀንድ አውጣ የሚደበቀው እዚያ ነው። አራት ዓመት ከሞላትና ከተጨናነቀች ነቅለው ይከፋፍሏት፤ አንገቷ (ቅጠልና ሥሯ የሚገናኙበት) ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር በላይ አይቀበር። ዩሪያ አያብዙ፣ ለስላሳ ቅጠል ክሽክሽ የሚሉትን ጭማቂ መጣጭ ተባይ ይስባል።

ድመት ካለችዎት ደግሞ የቆረጡትን መሬት ላይ አይተዉት። ቅጠሉም አበባውም ለድመት መርዝ ነው፤ ኩላሊቷን ይጎዳል።