«ንዑስ ሥዕል» ወይስ «ሚኒየቸር»?

ጥያቄ፦ በመካከለኛው ዘመን ስለነበረው የፋርስ ሃይማኖታዊ ሥዕል የተጻፈ ነገር እየተረጎምኩ ነው። «ሚኒየቸር» የሚለውን፣ በእጅ በተጻፉ መጻሕፍት ውስጥ የሚሣለውን ሥዕል፣ «ንዑስ ሥዕል» አልኩት፤ አራሚዬ ግን ቃሉ እንዳለ ይግባ ይላሉ። ማንኛችን ትክክል ነን?

መልስ፦ ሁለታችሁም ደስ አላሰኛችሁኝም፤ የአራሚዎ ጥፋት ግን ያንሳል።

«ንዑስ» የመጣው ቃሉ «ሚኒ» ብሎ ስለሚጀምር ነው። ዘሩ ግን ሌላ ነው። በላቲን «ሚኒየም» ከእርሳስ የሚገኝ ቀይ ቀለም ነው፤ «ሚኒያሬ» በዚያ መጻፍ፣ ማቅለም። ጣልያኖች ከዚህ «ሚኒያቱራ» አሉ፤ ትንሽነት የተለጠፈበት ኋላ ነው። ጸሐፊዎቹ የማርያምን ስም በቀይ ለሚጽፉበት አገር ይህ እንግዳ መሆን አልነበረበትም።

ደግሞስ በአማርኛ «ንዑስ» ትንሽ ማለት ብቻ ነው? ንዑስ አንቀጽ ከአንቀጽ ሥር፣ ንዑስ ኮሚቴ ከኮሚቴ ሥር ይውላል። «ንዑስ ሥዕል» የሌላ ሥዕል ቅርንጫፍ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1314 ገደማ በታብሪዝ የተዘጋጀው፣ ዛሬ በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ያለው የረሺድ አል ዲን የታሪክ መጽሐፍ የነቢዩ ሙሐመድን ልደት በሥዕል ያሳያል፤ የገጹ ቁመት ከ40 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። ከ1539 እስከ 1543 ለፋርሱ ንጉሥ ለሻህ ጠህማስብ በተዘጋጀው የገጣሚው የኒዛሚ መድበል ውስጥ ደግሞ ነቢዩ ፊታቸው በነጭ መጋረጃ ተሸፍኖ፣ የሰው ፊት ባለው፣ ቡራቅ በተባለው የሰማይ መጓጓዣ እንስሳ ላይ ሆነው፣ በመላእክት ተከበው ያርጋሉ፤ ዙሪያቸውን የወርቅ ነበልባል ይንቦገቦጋል። ንዑስነቱ የቱ ላይ ነው?

እኔ «የብራና ሥዕል» እላለሁ። ይህን ስል የሚቆጣ ባልደረባ አለኝ፦ «ፋርሶች በወረቀት ላይ ነው የሣሉት፤ ብራና ቆዳ ነው» ይላል። እውነቱን ነው። «ብራና» ራሱ ቆዳ ከሚለው የላቲኑ «ሜምብራና» በግሪክ በኩል ዞሮ የገባ ነው፤ «ወረቀት» ደግሞ ቅጠል ከሚለው የዐረብኛ ቃል ነው። በትክክለኛነቱ ከሆነ «የመጽሐፍ ሥዕል» ይበልጣል። ግን ጣዕም የለውም፤ እኔም ብራናዬን አልለቅም።

ጋዜጣውም ሙዚየሙም «ሚኒየቸር» ማለት ከጀመረ ቆይቷል። እያዘንኩም ቢሆን ለአራሚዎ ፈርጃለሁ፤ በመጀመሪያው ቦታ «የመጽሐፍ ሥዕል» ብለው ያስከትሉበት።

ሌላው፣ በላኩልኝ ደብዳቤ ሁለት ቦታ «ስእል» ብለዋል። በንጉሡ «ሠ» እና በዐይኑ «ዐ» ሲሆን ሣለ ነው፤ በእሳቱ «ሰ» እና በአልፋው «አ» ሲሆን ለመነ፣ ስእለትም ከዚያው ነው። ከላይ አርሜ አውጥቼዋለሁ።