ሊኑክስን ፍላሽ ላይ ጭኜ ብለማመድ ለሥራ ይጠቅመኛል?

አንዲት የኮምፒውተር ሳይንስ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ እንዲህ ስትል ጽፋልኛለች፦ «ስመረቅ ሲስተም አድሚኒስትሬተር መሆን እፈልጋለሁ። የማያቸው የሥራ ማስታወቂያዎች ሁሉ ሊኑክስ ይጠይቃሉ። ቤታችን ያለው ላፕቶፕ አንድ ነው፤ እሱም የወንድሜ ነው። ዊንዶውሱን እንዳትነኪብኝ ብሎኛል። ሊኑክስን ፍላሽ ላይ ጭኜ ብለማመድ ለሥራ ይጠቅመኛል ወይስ ጊዜዬን ነው የማባክነው? ሲቪዬ ላይስ ልጽፈው እችላለሁ?»

እህቴ፣ ይጠቅምሻል። እንዲያውም አንቺ ባለሽበት ሁኔታ ከዚህ የተሻለ መነሻ አይታየኝም። አንድ ነገር ግን አደራ እልሻለሁ። እያንዳንዱ እርምጃ ምን እንደሚሠራ ሳይገባሽ አትለፊ። ቪዲዮ እያየሽ «ቀጥል» የሚለውን ብቻ ስትጫኚ ከዋልሽ፣ ማታ ላይ የሚሠራ ፍላሽ ይኖርሻል። ኢንተርቪው ላይ የምትናገሪው ግን አይኖርሽም። ቀጣሪ የሚፈልገው ሲስተሙ አልነሳ ሲል የት ጋ ማየት እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ነው።

ማስታወቂያዎቹ ሊኑክስ ሊኑክስ የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ሊነስ ቶርቫልድስ ሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው የሊኑክስ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ዛሬ የክላውድ ሰርቨሮችን በብዛት የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። አንድሮይድ ስልክ ውስጥ ያለውም እሱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የዓለም 500 ፈጣን ሱፐርኮምፒውተሮች ዝርዝር ውስጥ የሚገቡት ሁሉም በሊኑክስ የሚሠሩ ናቸው። ፍላሽሽ ላይ የምትለማመጃቸው ትእዛዞች ትልቅ ዳታ ሴንተር ውስጥ ካለ ሰርቨር ፊትም ያገለግሉሻል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። «ፍላሽ ላይ መጫን» ሲባል ሰው ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይቀላቅላል።

የመጀመሪያው ላይቭ የሚባለው ነው። የአይኤስኦ ፋይሉን (የሊኑክሱን መጫኛ ፋይል) ሩፈስ ወይም ባሌናኤቸር በተባለ ፕሮግራም ፍላሹ ላይ ትጽፊዋለሽ፣ ከዚያ ኮምፒውተሩን ከፍላሹ ታስነሺዋለሽ። ይሠራል። ስታጠፊው ግን ያደረግሽው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ሁለተኛውም ላይቭ ነው፤ ልዩነቱ ለውጦች የሚቀመጡበት ቦታ ተመድቦለታል። ፋይልሽም የጫንሽው ፕሮግራምም ይቆይልሻል። ነገር ግን ከርነሉ የሚነሳው ከማይለወጠው አይኤስኦ ስለሆነ የከርነል አፕዴት እንደሚገባው አይሠራም። ሦስተኛው ሙሉ ጭነት ነው። ፍላሹ እንደ ሃርድ ዲስክ ይከፋፈላል፣ የራሱ ቡትሎደር (ሲስተሙን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ይቀመጥለታል፣ ሲስተሙም በትክክል ይጫንበታል።

ላንቺ የምመክረው ሦስተኛውን ነው። አፕዴት ማድረግ፣ ዩዘር መፍጠር፣ ሰርቪስ ማስነሳትና ማቆም፣ ሎግ ማንበብ፣ ይህን ሁሉ ነገ ሰርቨር ላይ እንደምትሠሪው አድርገሽ የምትለማመጂው እሱ ላይ ነው። ላይቩንም ግን አትጣይው። መጫኛሽ እሱ ነው፤ በኋላ የተበላሸውን ሲስተም የምትጠግኚውም በእሱ ነው።

ስለዚህ ሁለት ፍላሽ ያስፈልግሻል። ለመጫኛው 8 ጊጋ ይበቃል። ሲስተሙ ለሚቀመጥበት ቢያንስ 32 ጊጋ፣ ቢቻል 64 ይሁን። ሁለተኛው ዩኤስቢ 3 ቢሆን በጣም ጥሩ ነው። ርካሽ ፍላሽ ትንንሽ ፋይሎችን መጻፍ ላይ ደካማ ነው፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚጽፈው ትንንሽ ፋይል ነው። ተንቀሳቃሽ ኤስኤስዲ ማግኘት ከቻልሽ ከፍላሽ በብዙ ይሻላል፤ አሠራሩም አንድ ዓይነት ነው።

አይኤስኦውን ካወረድሽ በኋላ የሻ256 (SHA256) ቁጥሩን፣ ማለትም ፋይሉ ሳይጎድል መውረዱን የሚያሳየውን ቁጥር፣ ድረ ገጹ ላይ ካለው ጋር አመሳክሪ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ብዙ ሰው ይህን ይዘላል፤ ከዚያ በከፊል የወረደ ፋይል ይዞ «ፍላሹ አልነሳ አለ» እያለ ሲታገል ያመሻል።

ከመጀመርሽ በፊት ወንድምሽን አነጋግሪው። ፋይሎቹ ባክአፕ ይደረጉ። ዊንዶውሱ በቢትሎከር (ዲስክ በሚቆልፈው የዊንዶውስ ፕሮግራም) የተቆለፈ ከሆነ ባለ 48 አሃዙን የመልሶ መክፈቻ ቁልፍ ቀድሞ ያውጣና ያስቀምጠው፤ ሴኪዩር ቡት (ያልታወቀ ሲስተም እንዳይነሳ የሚከለክለው ሴቲንግ) ከተነካ ዊንዶውስ ሲነሳ ቁልፉን ሊጠይቅ ይችላል። ደግነቱ የምትጭኚው ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ሴኪዩር ቡት እንደበራም ይነሳል፤ ስለዚህ ካልተገደድሽ አትንኪው። ከፍላሽ ለማስነሳትም የባዮሱን ቅደም ተከተል መቀየር አያስፈልግም። ላፕቶፑ ሲበራ የቡት ሜኑውን ቁልፍ መጫን በቂ ነው፤ እንደ አምራቹ ኤፍ 12፣ ኤፍ 9 ወይም ኢስኬፕ ሊሆን ይችላል።

የወንድምሽ ዊንዶውስ አደጋ ላይ የሚወድቀው ሁለት ቦታ ላይ ነው። እዚህ ጋ ቀስ በይ።

አንደኛው ዲስክ ስትመርጪ ነው። መጫኛውን ከመክፈትሽ በፊት ተርሚናል ላይ ዲስኮችን የሚዘረዝረውን ኤልኤስቢኤልኬ (lsblk) የተባለ ትእዛዝ ጻፊ። የላፕቶፑ ዲስክ 512 ጊጋ ከሆነ 476.9 ብሎ ያሳይሻል። 64 ጊጋ ተብሎ የተሸጠልሽ ፍላሽም 60 እንኳን አይሞላም። አልተታለልሽም። አምራቹ የሚቆጥረው በ1,000 ነው፣ ትእዛዙ የሚቆጥረው በ1,024 ነው። ሊኑክስ ለዲስኩ የሰጠውን ስም ብቻ አይተሽም አትደምድሚ። ኤስዲኤ የተባለው ፍላሽሽ ሊሆን ይችላል፤ ቆየት ያለ ላፕቶፕ ውስጥ ያለው ዲስክም ኤስዲኤ ሊባል ይችላል። እርግጠኛ ለመሆን የምትጭኚበትን ፍላሽ ንቀይና ትእዛዙን ድገሚው። ከዝርዝሩ የጠፋው እሱ ነው። መልሰሽ ስትሰኪው ስሙ ሊቀየር ስለሚችል እንደገና እይው።

ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። የኡቡንቱ መጫኛ ፍላሹን መርጠሽለት እንኳን ቡትሎደሩን ወስዶ የላፕቶፑ ዲስክ ላይ ባለው የኢኤፍአይ ክፍል (ኮምፒውተሩ ሲበራ ቡትሎደር በሚፈልግበት ቦታ) ሊያስቀምጠው ይችላል። ያኔ ሁለት ችግር ይመጣል። ፍላሹ ሌላ ኮምፒውተር ላይ አይነሳም። ላፕቶፑም ፍላሹ ሲነቀል ዊንዶውስን ትቶ የግራብ (የኡቡንቱ ቡትሎደር) ጥቁር ስክሪን ላይ ሊቆም ይችላል። ዋናው መፍትሔ መጫኛው የውስጡን ዲስክ ጨርሶ እንዳያየው ማድረግ ነው። አንዳንድ ባዮስ ዲስኩን ለጊዜው ለማጥፋት ይፈቅዳል። እሱ ከሌለና ወንድምሽ ከፈቀደ ዲስኩን መንቀል ይቻላል። ሁለቱም ካልሆነ ዲስክ በሚከፋፍለው በጂፓርትድ ፕሮግራም የውስጡ ኢኤፍአይ ክፍል ላይ ያሉትን «ቡት» እና «ኢኤስፒ» የሚሉ ምልክቶች ከመጫንሽ በፊት አንሺያቸው፣ ስትጨርሺ በቦታቸው መልሺያቸው። መመለሱን እንዳትረሺ ወረቀት ላይ ጻፊው።

ተጭኖ ሲያበቃ የፍላሹን የኢኤፍአይ ክፍል ክፈቺና ቡት የሚለው ፎልደር ውስጥ ቡትኤክስ64 (BOOTX64.EFI) የሚባል ፋይል መኖሩን እይ። ኮምፒውተሮች ተነቃይ ዲስክ ላይ መጀመሪያ የሚፈልጉት እሱን ነው። ካለ ፍላሽሽ ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ ፕሮሰሰር ባለው ዘመናዊ ኮምፒውተር ሁሉ ላይ ራሱን ችሎ ሊነሳ ይችላል። ኤም ቺፕ ባላቸው አዳዲስ ማኮች ላይ ግን አይሆንም።

ይህን ያህል የዘረዘርኩት ኢንተርቪው ላይ ከሚወደዱት ጥያቄዎች አንዱ እዚሁ ስላለ ነው። «ኮምፒውተሩ ከተበራበት ጊዜ ጀምሮ ፓስወርድ እስከሚጠይቅ ድረስ ምን ምን ይከናወናል?» ይሉሻል። አንቺ ፈርምዌሩ (ባዮስ የምንለው) የኢኤፍአይ ክፍሉን ሲፈልግ አይተሻል። ግራብ ከርነሉንና ኢኒትራምኤፍኤሱን (ለመነሻ የሚያገለግለውን ጊዜያዊ ፋይል ሲስተም) ሲጭን አይተሻል። ሲስተምዲ ሰርቪሶቹን ሲያስነሳ አይተሻል። ከመጽሐፍ የሸመደደ ሰውና በእጁ የሠራ ሰው መልስ ሲሰጡ ያስታውቃሉ።

ሁለት ትንንሽ ማስተካከያዎች ልጨምርልሽ። ፍላሽ የሚችለው የመጻፍ ብዛት የተወሰነ ነው። ስለዚህ ስዋፕ (ራም ሲሞላ የሚያግዝ የዲስክ ቦታ) አትመድቢለት፤ ሲስተሙ ሲነሳ የሚያገናኛቸው ዲስኮች በተዘረዘሩበት ኤፍኤስታብ (fstab) ፋይል ውስጥም «ኖኤታይም» (noatime) የሚለውን ጨምሪ፤ ፋይል በተነበበ ቁጥር ሰዓቱ እንዳይጻፍ ያደርጋል። ያን ፋይል ስትከፍቺ ዲስኩ በስሙ ፈንታ በረጅም ዩዩአይዲ ቁጥር ተጠርቶ ታያለሽ። ፍላሹ አንዱ ኮምፒውተር ላይ ኤስዲኤ፣ ሌላው ላይ ኤስዲቢ ሊባል ስለሚችል ነው። ፍላሽ ደግሞ ይጠፋል፤ ስትጭኚ በሎክስ (LUKS፣ በሊኑክስ የዲስክ መቆለፊያ) መቆለፍን አስቢበት። የጻፍሽውን ሁሉ ሌላ ቦታ ኮፒ አድርጊ።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው ዋናው ልምምድ። ሆን ብለሽ አበላሺው። ኤፍኤስታብ ውስጥ ዩዩአይዲውን አሳስችና ሲስተሙ አልነሳ ሲል በላይቩ ገብተሽ አስተካክዪ። የኤስኤስኤች (ከርቀት መግቢያ) ሰርቪስ ሴቲንግ ውስጥ አንድ መስመር አሳስችና ሎግ የሚያሳየው ጆርናልሲቲኤል (journalctl) ምን እንደሚል አንብቢ። አንድ ዩዘር የራሱን ፎልደር እንዳይከፍት ፐርሚሽኑን ቀይሪ፣ ከዚያ መልሺለት። ኢንጂንኤክስ (nginx) የተባለውን የዌብ ሰርቨር ጭነሽ አንድ ገጽ አስነሺ። ማታ ማታ ባክአፕ የሚያደርግ አጭር የባሽ ስክሪፕት (ተከታታይ የተርሚናል ትእዛዞች) ጻፊና ሥራን በሰዓቱ በሚያስጀምረው በክሮን አስጀምሪው። እያንዳንዱን ጊዜ ምን ታየ፣ ምን ጠረጠርሽ፣ ምን ፈታው የሚለውን ጻፊና ጊትሀብ ላይ አስቀምጪ።

ወደ ሲቪሽ እንምጣ። «ሊኑክስ ፍላሽ ላይ መጫን እችላለሁ» ብለሽ አትጻፊ፤ ብቻውን ሲታይ ትንሽ ነገር ይመስላል። «የሊኑክስ ኤክስፐርት» ብለሽም አትጻፊ፤ በሁለት ጥያቄ ትጋለጫለሽ። ፕሮጀክቶች በሚለው ሥር የሠራሽውን በቀጥታ አስፍሪ፦ «ዩኢኤፍአይ ባላቸው የተለያዩ ኮምፒውተሮች ላይ የሚነሳ፣ በሎክስ የተቆለፈ የኡቡንቱ መለማመጃ አዘጋጅቻለሁ፤ የቡት፣ የፐርሚሽንና የሰርቪስ ችግሮችን ፈትቼ መዝግቤያለሁ።» ከሥሩ የጊትሀብ አድራሻሽን አድርጊ። እዚያ ላይ የሚነበበው ሁሉ አንቺ ራስሽ ቆመሽ ልታስረጂው የምትችይው ይሁን።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ይህን በጣም ከልቤ ነው የምልሽ። ፍላሹን ትምህርት ቤት ወይም የምትለማመጂበት መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ሳታስፈቅጂ አታስነሺው። ከፍላሽ የተነሳ ሊኑክስ የዊንዶውሱን ፓስወርድ ሳይጠይቅ ያልተቆለፈ ዲስክ ማንበብ ይችላል። አንቺ ምንም አስበሽ ባይሆንም ለተቋሙ ይህ የደህንነት ጥሰት ነው። ሲስተም አድሚኒስትሬተር የሌላ ሰው መረጃ የሚታመንበት ሰው ነው፤ በዚህ ጉዳይ ስምሽ አንዴ ከተነሳ ማስተካከሉ ከባድ ነው። ጠይቂ፣ እሺ ካሉሽ በጽሑፍ ተቀበዪ።

ሰርቲፊኬትን በተመለከተ አሁን አትቸኩዪ። ኤልፒአይሲ 1 (LPIC-1) የተባለው የሊኑክስ ሰርቲፊኬት ሁለት ፈተና አለው። የሬድ ሃት ኩባንያ አርኤችሲኤስኤ (RHCSA) ደግሞ የምርጫ ጥያቄ የለውም፤ ሲስተም ፊት ተቀምጠሽ እየሠራሽ ነው የምትፈተኚው። ለሁለቱም የምትዘጋጂው በዚሁ ልምምድ ነው። ለአርኤችሲኤስኤ ስታስቢ ኡቡንቱውን በአልማሊኑክስ ወይም በሮኪሊኑክስ ተኪው፤ ከሬድ ሃት ሊኑክስ ጋር ተቀራራቢ ናቸው። ገንዘብሽን የምታወጪው እጅሽ ከፈታ በኋላ ይሁን።

እስከዚያ ግን ማመልከት አታቁሚ። ሲስተም አድሚኒስትሬተር የሚሉ ማስታወቂያዎች አብዛኛውን ጊዜ ልምድ ይጠይቃሉ። አይቲ ሳፖርት፣ ሄልፕ ዴስክና ጁኒየር የሚሉትን ፈልጊ፤ ብዙ ሰው ወደ ሰርቨሩ ክፍል የሚገባው በእነሱ በኩል ነው። ማመልከቻ ደብዳቤሽ ላይ ከፈታሻቸው ችግሮች አንዱን ብቻ ምረጪና በ3 አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ጻፊው፦ ምን ተበላሸ፣ እንዴት አገኘሽው፣ ምን አደረግሽ።