ልጁን ቶሎ አታስለቅሱት

ልጆቼ፣

ሰሞኑን የፊልም ስክሪፕት የምትልኩልኝ በዝታችኋል። ታሪኩ ተቀራራቢ ነው። አባት ይሞታል፣ የ16 ዓመት ልጁ ያለቅሳል፣ ከዚያ አክስቱ ቁጭ ታደርገውና የቤተሰቡን ምስጢር ትዘረግፍለታለች። ታሪኩን አልጠላሁትም። ልቅሶው ግን በዛብኝ።

እኔ የፊልም ኤዲተር ነኝ። በወጣትነቴ አንድ ልጅ እናቱን ቀብሮ ሲመለስ የሚያለቅስበትን የአራት ደቂቃ ትዕይንት አልቆርጥም ብዬ ከዳይሬክተሩ ጋር ተጣላሁ። አሸነፍኩ። ፊልሙ ሲታይ ሰው ወንበሩ ላይ ይቁነጠነጥ ጀመር። በኋላ ያው ልጅ የሟች እናቱን ስልክ ቻርጅ ላይ ይሰካል፤ አምስት ሰከንድ እንኳ አይሞላም። አዳራሹ ጸጥ አለ። ያንን ሾት እኮ ልጥለው ነበር!

የኬኔት ሎነርጋንን ፊልም «ማንቸስተር ባይ ዘ ሲ» (እ.ኤ.አ. 2016) እዩት። አባቱ የሞተበት ልጅ ከባንዱ ጋር ይለማመዳል፣ ከሴት ጓደኞቹ ጋር ይውላል፣ ይቀልዳል። መሬቱ በብርድ ስለጠጠረ ቀብሩ ተራዝሟል፤ አስከሬኑ በረዶ ቤት ነው። አንድ ማታ ማቀዝቀዣውን ሲከፍት በረዶ የሆነ ዶሮ ይወድቃል። መልሶ ሊያስገባው ይታገላል፣ አልገባ ይለዋል። ያኔ የታመቀው ሁሉ ይፈነዳል።

አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ልጁን በ«አምስቱ የሀዘን ደረጃዎች» (መካድ፣ ንዴት፣ ድርድር፣ ድብርት፣ መቀበል) በየተራ ታሳልፉታላችሁ። የሥነ አእምሮ ሐኪሟ ኤልሳቤት ኩብለር ሮስ እ.ኤ.አ. በ1969 ያንን ስትጽፍ መነሻዋ ሞት የተቃረባቸው ሕሙማን ነበሩ እንጂ ሀዘንተኞች አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1999 የሀዘን ተመራማሪዎቹ ማርጋሬት ስትሮበና ሄንክ ሹት ያቀረቡት ሐሳብ ለእናንተ ይሻላል። ሀዘንተኛ በሀዘኑና በኑሮው መካከል ይመላለሳል ይላሉ። ጠዋት ስቆ ማታ ሆድ ይብሰዋል።

ምስጢሩም እንደ ልቅሶው ነው፤ በረጅም ንግግር ሳይሆን በትንሽ ነገር ይታይ። ምስጢር ባለበት ቤት ልጅ ሲገባ ወሬ ይቋረጣል። አንድ መሳቢያ ሁልጊዜ ይቆለፋል። ልጁ የሆነ ነገር እንዳለ ድሮም ያውቃል፤ ምን እንደሆነ ነው የማያውቀው። ሲያውቅ፣ ያለቀሰለት አባት ሌላ ሰው ሆኖ ያገኘዋል። ይናደዳል። የሚናደድበት ሰውዬ ግን የለም። ስለዚህ ንዴቱን እናቱ ላይ ይወጣል፣ ታናሽ ወንድሙ ላይ ይወጣል፣ በሩን ያላትማል። ካሜራችሁን እዚያ አቁሙት።

በሉ፣ የአክስቲቱን ሦስት ገጽ ንግግር ሰርዙና መልሳችሁ ላኩልኝ።