አዲስ አበባን በእግር፦ ሕንፃ የሚያውቅ አስጎብኚ እንዴት ይገኛል? (ጥያቄና መልስ)

ለብዙ ዓመታት ፒያሳና አራዳ ውስጥ ሰው እያስከተልኩ የቆዩ ቤቶችን ሳሳይ ኖሬያለሁ። አሁን ጉልበቴ እሺ ስለማይለኝ እምብዛም አልወጣም። ጠይቁኝ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልበል፦ ልታዩት ያሰባችሁት ቤት አሁንም መኖሩን በዚያው ሳምንት አረጋግጡ። ከመጋቢት 2016 ወዲህ ብዙ ቤት ስለፈረሰ ፒያሳ ሌላ ፒያሳ ሆናለች።

ሰብልዬ፦ ጋሼ፣ እባክዎ ጥሩ አስጎብኚ ይጠቁሙኝ።

ለምኑ ነው ጥሩ? የምኒልክ ዘመን ቤት ነው የምታዪው? የጣልያን ሰፈር? ወይስ የ1950ዎቹ ትልልቅ ሕንፃ? ሦስቱንም እኩል የሚያውቅ ሰው ብዙ አላጋጠመኝም። መጀመሪያ ምን ማየት እንደምትፈልጊ ለይተሽ ነይ።

የሰራተኛ ሰፈር ልጅ፦ ሰውዬው የምሩን የሚያውቅ መሆኑን በምን እለያለሁ?

ተባረክ፣ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው።

አንድ ቀን አራዳ ውስጥ አንድ አስጎብኚ እንግዶች ይዞ አጠገቤ ቆመ። ፊት ለፊታችን ባለ ሰገነት አሮጌ ቤት አለ። የበረንዳው እንጨት እንደ ጥልፍ የተፈለፈለ ነው። ልስኑ በረገፈበት ጥግ ጭድ የተቀላቀለበት ጭቃ ወጥቷል፤ ከጭቃው ሥር የተሰነጠቀ ባሕር ዛፍና ማገር ይታያል። ሰውዬው ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ «ይሄ ጣልያን የሠራው ነው» ብሎ አለፈ። ያን ቀን ሌሊቱን ሙሉ ስናደድ አደርኩ።

ጣልያን አዲስ አበባ የገባው በ1928 ነው፣ የወጣው በ1933። ከተማዋ ግን ከዚያ በፊት ሃምሳ ዓመት ገደማ ኖራለች። ያን ሁሉ ዘመን ማን ገነባ? የህንድ አናጢዎች ነበሩ። የአርመንና የግሪክ ባለሙያዎች ነበሩ። ሙሴ ሚናስ ኸርበኪያን የሚባል አራዳ ላይ አሻራውን የተወ አርመናዊ ሕንፃ ነዳፊ አለ፤ ስሙን የሚያነሳ አስጎብኚ ግን ስንት ነው? የመሐመድ አሊ ቤት የህንድ ነጋዴዎች ነው። ድንጋዩን የጠረበው፣ ጭቃውን የረገጠው ደግሞ የራሳችን ሰው ነው። በጣልያን እጅ የተነደፈ ቢኖር እንኳ ታሪኩ ሌላ ነው፦ የአራዳው ጊዮርጊስን ስምንት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን ነደፈው የሚባለው ካስታኛ ከአድዋ ጦርነት በኋላ እዚሁ የቀረ ጣልያናዊ ነው።

ስለዚህ ከመስማማታችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁት። «ይሄን ቤት ማን ሠራው? ከምን ተሠራ?» የሚያውቅ ሰው ወደ ግድግዳው ይጠጋል፣ በእጁ ያሳያችኋል። የማያውቅ ስለ ንጉሡና ስለ ንግሥቲቱ ተረት ይጀምራል። ሦስተኛ ልጨምር፦ በሁለት ሰዓት ሃያ ቦታ አሳያለሁ ካለ ተዉት። አምስት ቤት ይበቃል።

መርካቶ ነኝ፦ ዋጋው ስንት ነው?

እንደ ሰውዬውና እንደ ሰዓቱ ነው። ሙሉውን አስቀድማችሁ አትክፈሉ።

ሀበሻዊት፦ ጣይቱ ሆቴልን ሳይጨምር ጉብኝት አለ እንዴ? በ1898 የተከፈተ የመጀመሪያው ሆቴላችን ነው።

የሰራተኛ ሰፈር ልጅ፦ 1898 አይደለም፣ 1905 ነው። ፈረንጆቹ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጽፉት።

ሀበሻዊት፦ ፈረንጅ ስለጻፈ ነው እንግዲህ እውነት የሚሆነው?

ተረጋጉ። ሁለታችሁም አንድ ነገር ነው የምታወሩት። 1898 በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ወደ ፈረንጅ ሲዞር 1905 ወይም 1906 ይሆናል። ችግሩ 1898ን እንዳለ ወስደው በእንግሊዝኛ የሚናገሩ አስጎብኚዎች ናቸው። እንግዳው ሆቴሉን በሰባት ዓመት አስረጅቶ አገሩ ይገባል። ይሄም አንድ መፈተኛ ነው፦ ዓመት ሲጠራ «በማን አቆጣጠር?» በሉት። ደግሞ የሆቴሉ የተወሰነ ክፍል በጥር 2007 ተቃጥሏል። የቱ የድሮ፣ የቱ የታደሰ እንደሆነ ለይቶ ካላሳያችሁ ጉብኝት አይባልም።

ከዲሲ፦ በገና ከልጆቼ ጋር እመጣለሁ። ተወልጄ ያደግኩት ዶሮ ማነቂያ ነው። ሰፈሬን የሚያሳያቸው ሰው አገኛለሁ?

እህቴ፣ ዶሮ ማነቂያ ፈርሷል። ይሄን ልጆችሽ ፊት ቆመሽ እንዳትሰሚው ብዬ ነው አሁን የምነግርሽ። ለአንቺ የሚሻልሽ የዚያው ሰፈር ሰው ነው። ዘመድ ወይም የድሮ ጎረቤት ፈልጊ፤ የዕድሩ ሰዎች ማን የት እንደገባ ያውቃሉ። ከአድዋ ድል መታሰቢያው ተነስታችሁ ወደ ጊዮርጊስ ዙሩ። የቀረውን ከጠፋው ጋር አያይዞ የሚነግራቸው ሰው ይሁን። አሮጌ ፎቶ ካለሽ ይዘሽ ነይ፣ ልጆቹ እዚያው ቆመው ያስተያዩት።

መሐንዲሱ፦ በሰፈር ልጅ አልስማማም። የሰፈር ልጅ ወሬ ነው የሚያውቀው። አርክቴክት መሆን አለበት።

የሰራተኛ ሰፈር ልጅ፦ አርክቴክቱማ ማን ቤቱ ውስጥ እንደኖረ ምን ያውቃል?

መሐንዲሱ፦ ቆርቆሮ የለበሰ አሮጌ ቤት ሁሉ ቅርስ አይደለም። ሽንት ቤት ያልነበረው ሰፈር ነው፣ እውነቱን እንነጋገር።

ሀበሻዊት፦ ሽንት ቤት ይሠራል እንጂ ቤት ይፈርሳል?

ሰፈሩ መኖር ከባድ እንደነበር የኖርንበት እናውቃለን። ቅርሱም ቅርስ ነው። የአዋጅ ቁጥር 209/1992 ስለ ቅርስ ምን እንደሚል አንብባችሁ ሌላ ጊዜ ተከራከሩ። ስለ አስጎብኚው ግን ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ። እኔ ብሆን አንድ የአርክቴክቸር ተማሪና አንድ አዛውንት አብሬ እወስድ ነበር። ልደታ ካለው የአርክቴክቸር ትምህርት ቤት ጠይቁ። ተማሪዎቹ የድሮ ቤት ለክተው ስለሚስሉ ግድግዳ ማንበብ ይችላሉ።

ሰብልዬ፦ ጋሼ ወስኛለሁ፣ የ1950ዎቹን ነው የምፈልገው።

ጎሽ። እኔ በዚያ ዘመን ላይ ያን ያህል አይደለሁም። ማዘጋጃ ቤቱና አፍሪካ አዳራሽ የአርቱሮ ሜዘዲሚ ናቸው። ብሔራዊ ቴአትርና ክቡ ንግድ ባንክ የአንሪ ሾሜት ናቸው። ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን ዛልማን ኤናቭ ከሚካኤል ቴድሮስ ጋር ነደፉት። ሚካኤል የእኛ ሰው ነው፤ ስሙን የማያነሳ አስጎብኚ አትያዢ። አፍሪካ አዳራሽ እድሳቱ አልቆ በጥቅምት 2017 ተከፍቷል። የአፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥራ ለማየት ግን አስቀድሞ ማስፈቀድ ያስፈልጋል።

ቢኒ፦ ስለ አስመራስ?

አስመራን የአስመራ ሰው ይንገርህ።

አዲስ ገቢ፦ ካዛንቺስን ማየት እፈልጋለሁ። ስሙ ከየት መጣ?

«ካዛ ኢንቺስ» ከሚለው ነው፤ ጣልያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ የሠራቸው ቤቶች ስም ነው። ብዙው ፈርሷል። ምን ብዬ ነበር? ከመሄዳችሁ በፊት አረጋግጡ።

መርካቶ ነኝ፦ ጋሼ ዋጋውን አልነገሩኝም።

ነግሬሃለሁ። ወደ ላይ ተመልሰህ አንብብ። ብቻ ሰዓቱንና ክፍያውን በጽሑፍ ተስማሙ፣ ፈቃዱን የያዘ መታወቂያ እንዲያሳይህ ጠይቀው።

ሀበሻዊት፦ ፎቶ ማንሳትስ?

ቤተ መንግሥት አጥር አጠገብና ጥበቃ የቆመበት ቦታ ካሜራ አታውጡ። ሰው የሚኖርበት ቤት ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ በር አንኳኩ፣ ሰላም በሉ። እኔ ምርጡን ደረጃና ምርጡን ጣራ ያየሁት ቡና አፍልተው ካስገቡኝ እናቶች ቤት ነው።

የሰራተኛ ሰፈር ልጅ፦ ጋሼ፣ እርስዎስ አንድ ቀን አያወጡንም?

ከአምስት ሰው በላይ ካልሆናችሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት። ከመስቀል አደባባይ አጠገብ ካለው ከራስ ብሩ ቤት እንነሳለን፤ አሁን የአዲስ አበባ ሙዚየም ነው። ቀስ ብለን ነው የምንሄደው፣ ከዘራ ይዣለሁ። ቤቱ አሁንም መኖሩን ሐሙስ ሄጄ አያለሁ።