ዶሮ ገዝተሽ ከመግባትሽ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። ግቢሽ ትንሽ ናት፣ ለቤት የሚሆን እንቁላል ትፈልጊያለሽ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ዐሥር ዶሮ ልትገዢ ነው። ጫጩት ይሻላል ወይስ እንቁላል ለመጀመር የደረሰ ቄብ፣ ከገበያ ወይስ ከአሳዳጊ፣ ይዤ ስገባስ ምን ላድርግ ብለሻል። ዶሮ ማርባት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ከሁሉም በፊት የምነግርሽ አንድ ነገር ነው፤ ዐሥሩንም ከአንድ አሳዳጊ፣ በአንድ ጊዜ፣ ክትባታቸውን ጠይቀሽ ግዢ። ሌላው ቀስ እያለ ይስተካከላል። ይሄ ግን ከተበላሸ አይመለስም።

ምክንያቱ ፈንግል የሚባለው ዶሮ ጨራሽ በሽታ ነው። ፈንግል ቫይረስ ስለሆነ አንዴ ከገባ መድኃኒት የለውም። ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ስጪ የሚሉሽ ይኖራሉ። በቅንነት ነው የሚሉት፤ ግን አያድንም። የበዓል ሰሞን ገበያ ደግሞ ከየአካባቢው የመጣ ዶሮ የሚደባለቅበት ነው። ጎረቤቱ ዶሮ ሲያልቅበት አይቶ የራሱን ቶሎ ለመሸጥ የሚያወጣም አለ። የገዛሻት ዶሮ በዕለቱ ጤነኛ ትመስላለች። በሽታው ግን ሳይታይ ከሁለት እስከ ዐሥራ አምስት ቀን ውስጧ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ አደራ፣ ለፋሲካ ወጥ ያመጣሻትን ዶሮ እንኳ ከእነዚህ ጋር አታሳድሪያት። ብዙ ሰው እንቁላል ጣዮቹን የሚያጣው በዚች አንድ ሌሊት ነው።

ለጀማሪ የምመርጠው የ45 ቀን ጫጩት ነው። የአንድ ቀን ጫጩት ሌት ተቀን ሙቀት ይፈልጋል፤ መብራት ሲጠፋ ያልቃል። የ45 ቀኑ ላባ አውጥቷል፣ የመጀመሪያዎቹን የፈንግልና የጉምቦሮ (ሌላ የጫጩት በሽታ ነው) ክትባቶችም አሳዳጊው ጋ መውሰድ ነበረበት። መቼ ምን እንደተሰጠ በወረቀት አጽፊ። እንደ ደብረ ብርሃን ያለ ብርድ ቦታ ከሆንሽ ግን ማታ ማታ ሙቀት አይጉደላቸው። ቄብ ገንዘብ ካለሽ ጥሩ ነው፤ እንቁላሉ ቶሎ ይደርሳል።

ዝርያውን በተመለከተ፣ መኖ እየገዛሽ ቤት ውስጥ የምታቆያቸው ከሆነ ቦቫንስ ብራውንን የሚያህል የለም። በደንብ ከተያዘች በዓመት ከ300 በላይ ትጥላለች። ግቢ ውስጥ እየጫሩ የሚውሉ ከሆነ ሳሶ ወይም ኮይኮይ ይሻልሻል። የሐበሻዋ እንቁላሏ ትንሽ ነው፣ ግን ታቅፋ ትፈለፍላለች፣ ጭልፊትም ታውቃለች።

ቤቱ ዶሮዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ይለቅ። ለዐሥር ዶሮ ሁለት ካሬ ተኩል ይበቃል። ወለሉ ላይ ደረቅ ሰጋቱራ ወይም የጤፍ ገለባ በደንብ አንጥፊ፣ ቆጥም ሥሪላቸው። ከላይ አየር ይግባ፣ ከታች ንፋስ አይምታቸው። የአየር መግቢያው ወንፊት ሽቦ ጠንካራ ይሁን፤ ሽለምጥማጥ በጠባብ ቀዳዳ ገብቶ በአንድ ሌሊት ብዙ ይፈጃል። ቤቱን ስትከፍቺ ሽታው ዓይንሽን ካቃጠለሽ ጉዝጓዙ ረጥቧል ማለት ነው፣ ቀይሪው።

ስታመጫቸው በጠዋት ይሁን፣ ቀዳዳ ባለው ካርቶን። እንደደረሱ መጀመሪያ ውኃ ነው። በሊትር ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ጨምሪበት። መኖው ትንሽ ቆይቶ ይድረስ። አሳዳጊውን ምን ሲበሉ እንደነበር ጠይቂና ያንኑ ይዘሽ ግቢ፤ ሌላ የምትሰጪ ከሆነ በሳምንት ውስጥ እየቀላቀልሽ ቀይሪ። የመጀመሪያውን ሳምንት ከቤት አታውጫቸው። ጠዋት ጠዋት ኩሳቸውን እዪ። ደም ካየሽ ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው የአንጀት በሽታ ሊሆን ስለሚችል የእንስሳት ሐኪም ጋ ሂጂ። አምፕሮሊየም የሚባል ውኃ ላይ የሚበጠበጥ መድኃኒት አለው፤ ቶሎ ከተጀመረ ይድናሉ።

የእንቁላል ጣይ መኖ ለታዳጊ አትስጪ። ካልሲየሙ ብዙ ስለሆነ ኩላሊታቸውን ይጎዳል። የታዳጊ መኖ እየበሉ ይቆዩና እንቁላል ሊጀምሩ ሲሉ ትቀይሪያለሽ። ያኔ አንዷ በቀን 120 ግራም ገደማ ትበላለች። ለዐሥሩ በወር 36 ኪሎ ማለት ስለሆነ ወጪውን ካሁኑ አስቢበት። ርካሽ ነው ብለሽ የሻገተ ፋጉሎ (ዘይት ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው) ወይም በቆሎ እንዳትገዢ።

ክትባቱ ደግሞ በ45 ቀን አያልቅም፣ የፈንግሉ ይደገማል። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ስለሚሆን ለዐሥር ብቻ መክፈት ያሳዝናል። ዶሮ ያላቸውን ጎረቤቶችሽን አስተባብሪና በአንድ ቀን አስከትቡ። እንዲያውም የእነሱ መከተብ ላንቺም ይጠቅማል። ክትባቱ ከበረዶ ጋር ይምጣ፤ በውኃ የሚሰጥ ከሆነ ክሎሪን የሌለው ውኃ አዘጋጂ፣ ከተበጠበጠ በኋላም ለነገ አይቀመጥም።