ምጣዱን ተቀበሏት

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። የምጽፈው ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። የ32 ዓመት እህት አለችኝ፣ የሁለት ልጆች እናት ናት። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ አይኗ ጭልም አለባትና ተሻላት፣ ቀጥሎ ግራ እግሯ እየደነዘዘ መጎተት ጀመረች። አንዱ ጭንቀት ነው አንዱ የቫይታሚን እጥረት ነው ሲለን ቆይቶ በስተመጨረሻ አዲስ አበባ ኤምአርአይ ተነስታ መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባል የነርቭ በሽታ ነው ተባለ። አሁን የእድራችን ሰዎችና የሰፈር ልጆች ብር አሰባስበን ውጭ እንላካት ብለው ተነስተዋል፣ እሷ ግን "ለልመና አታውጡኝ" ብላ አኩርፋለች። ጠዋት ስትራመድ ያየ ጎረቤት ደሞ ከሰዓት ተኝታ ሲያገኛት "ሰንፋ ነው እንጂ ምን ሆነች" ይላል። ምን ብናደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እህትህ አልተሳሳተችም። ፎቶዋን ለጥፋችሁ ፒያሳ ላይ ሳጥን ይዛችሁ ከመቆማችሁ በፊት ራሷን ጠይቋት፣ የፈቀደችውን ብቻ አድርጉ።

ውጭ መላኩን በተመለከተ፣ ይሄን በሽታ ነቅሎ የሚያወጣ ሕክምና የትም አገር የለም። ያሉት መድኃኒቶች ማገርሸቱን የሚቀንሱ፣ ብዙዎቹም ለዓመታት የሚወሰዱ ናቸው፣ ስለዚህ የሰው ብር በአንዴ ለትኬትና ለሆቴል ካለቀ ስትመለስ ቀጣዩን መድኃኒት ማን ሊገዛላት ነው? የዓለም ጤና ድርጅት እኤአ በ2023 ግላቲራመር፣ ክላድሪቢንና ሪቱክሲማብን ለዚሁ በሽታ ብሎ መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል። ለሷ የሚሆናት የቱ ነው፣ እዚህ ይገኛል ወይ፣ በዓመት ስንት ይፈጃል የሚለውን የነርቭ ሐኪሟን ጠይቁና ብሩን እንደ እቁብ በየወሩ አዋጡት። ሦስት ሰው የሚፈርምበት የባንክ ሒሳብ ይኑር፣ አንዷ ፈራሚ እሷ ትሁን።

ለዛ ጎረቤት እንዲህ በሉት፦ የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ አእምሮና ህብለ ሰረሰር ውስጥ ያሉ ነርቮችን ልባስ ያጠቃል፣ ላስቲኩ እንደተላጠ የመብራት ሽቦ ማለት ነው፣ አምፖሉ አንዴ ቦግ አንዴ ድርግም ይላል። ጠዋት ደህና ሆና ከሰዓት መውደቋ ውሸት አይደለም፣ ድካሙም ቢተኙለት የማይለቅ ድካም ነው። ተላላፊም አይደለም፣ በስኒዋ ቡና መጠጣት ይቻላል።

አሁን ብር የማይጠይቀውን ልንገርህ። ሙቀት የዚህን በሽታ ምልክት ያባብሰዋል፣ ሰውነት ትንሽ ሲግል አይን ይደበዝዛል እግር ይከዳል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። እስቲ እህትህ እንጀራ ስትጋግር አስባት፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ምጣድ ላይ አጎንብሳ፣ ፊቷ ወዝቶ፣ አክንባሎውን ስታነሳ ያ ሁሉ እንፋሎት አይኗ ላይ! የእድሩ ሴቶች ተራ ገብተው በሳምንት አንድ ቀን ቢጋግሩላት ይሄ ከብዙ ብር ይበልጣል። እድራችን እኮ ለቀብር ድንኳን ለመትከል ማንም አይቀድመውም፣ ለቋሚ ሰው ሲሆን ነው ስብሰባ የሚያበዛው (የራሴንም እድር ነው የማማው)። ከአዘዞ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ፊዚዮቴራፒ የሚያመላልሳት ባጃጅ ያለው ልጅም ፈልጉ፣ በታክሲ ሰልፍ ቆማ ከደረሰች ጉልበቷ መንገድ ላይ ያልቃል። ጠበል ከፈለገች ትሂድ፣ መድኃኒቱን አቁሚ የሚላትን ግን አትስሙ።

ሲልቪያ ላውሪ የምትባል አሜሪካዊት እኤአ በ1945 ወንድሟ በዚሁ ታሞባት ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ "ከዚህ በሽታ የዳነ ካለ ያግኘኝ" ብላ ትንሽ ማስታወቂያ አወጣች። የጻፉላት በአብዛኛው እንደሷ የጨነቃቸው ሰዎች ነበሩ፣ እነሱን ይዛ በዓመቱ ማኅበር አቋቋመች። እናንተም ሐኪሟ ጋ ስልክ ቁጥራችሁን ተዉ፣ ተመሳሳይ ታማሚ ሲመጣ ፈቃዱን ጠይቆ እንዲያገናኛችሁ። እህትህ ከእናንተ ጋር ባታወራ እንኳ ከዚያ ታማሚ ጋር ታወራ ይሆናል።